ከቢሮ ስልካችን ላይ ያቺን 9 አንሱልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥገና ነው። ከማርቆስ ተነስቼ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርጌ እስከ ዳንግላ፣ በዚህ በኩል ደግሞ እስከ ብቸናና ሞጣ ድረስ እየዞርኩ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ እጠግናለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የምጠራበት ዋናው ጉዳይ ስልክ ሆኗል። በኢንተርኔት ገመድ የሚሠራው አዲሱ የቢሮ ስልክ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ "ስልኩ ተበላሸ" ተብዬ ስሄድ ስልኩ ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። የተበላሸው ወደ ውጭ መደወያው ደንብ ነው። ስለሱ ነው መጻፍ የፈለግሁት። ነገሩ ትንሽ የሙያ ይመስላል፤ ግን የሰው ሕይወት ስላለበት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ጥር የሆነውን ልንገራችሁ። ቤቱን በስም አልጠራም። ተመሳሳዩን በብዙ ቦታ ስላየሁ አንዱን ብቻ ማሳጣት ተገቢ አይደለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሠራተኛው ወጥቷል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ጥበቃው ጋሼና ቢሮ የሚያጸዱት እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬ ደረጃው ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ጋሼ ሞባይላቸውን ቻርጅ ላይ ቤት ትተውት መጥተዋል። የእትዬን አነሱት፤ በቁልፍ ተዘግቷል። ከዚያ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ትዝ አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑን ያውቃሉ፤ ልጃቸው የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ስለነበረ በቃላቸው ነው። ስልኩን አነሱ፤ 907 ብለው ደወሉ። ዝም። ትንሽ ቆይቶ ቱ ቱ ቱ ብሎ ተቋረጠ። እንደገና ደወሉ። ዝም። ሦስተኛ ሞከሩ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ ስልኩን ወርውረው ወደ ዋናው በር ሮጡና ባጃጅ አስቆሙ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ባጃጅ ነጂው ልጅ ጠያቂም ከፋይም ሳይጠብቅ ሆስፒታል አደረሳቸው። እትዬ ድነዋል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ተጠራሁ። ጋሼ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ያደሩ ይመስላሉ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ መደወል ያልቻልኩት ወይስ ስልኩ ነው?" አሉኝ። ስልኩ ምንም አልሆነም ነበር። ጋሼም የደወሉት ትክክለኛውን ቁጥር ነው። ስህተቱ የተጻፈው ስልኩ የተገጠመ ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው ክፉ ቀን እስኪገጥመው ድረስ ማንም ሳያየው ተቀምጦ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 ይነካል። "9 ብለህ ደውል" እንባባላለን። የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ስርዓት 9ኝን ሲያይ "ይህ ሰው ወደ ውጭ ነው የሚደውለው" ብሎ ይረዳል፤ 9ኝን ይቆርጥና የቀረውን ቁጥር ወደ ቴሌ መስመር ይልካል። 9 ብለን የጓደኛችንን ሞባይል ስንደውል ምንም ችግር የለም። ግን 907 ሲደወልስ? ስርዓቱ ያው ነው፤ የመጀመሪያዋን 9 ይቆርጣል። የሚቀረው 07 ነው። መስመሩ ላይ የሚወጣው 07 ብቻ ነው ማለት ነው። 07 ደግሞ የሞባይል ቁጥር መጀመሪያ ነው። ማዶ ያለው ማዞሪያ ቀሪዎቹን ስምንት ቁጥሮች እየጠበቀ ዝም ይላል። ጋሼ የሰሙት ያ ዝምታ ይህ ነው። ፖሊስ ለመጥራት 991 ብትሉም ያው ነው፤ 91 ብቻ ይወጣል። በዚያ ስልክ አምቡላንስ ለማግኘት መደወል የነበረባቸው 9907 ብለው ነው። ይህን ማን ነገራቸው? ማንም። እኔስ ብሆን በዚያ ጭንቀት ውስጥ አስታውሰው ነበር?

ይቺ 9 የኛ አይደለችም። የመጣችው ከስርዓቱ ጋር ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ መሥሪያ ቤቶች ለውጭ መስመር 9 መንካት የቆየ ልማድ ነው፤ በጀርመን ደግሞ 0 ይነካሉ። እነዚህን ስርዓቶች የሚገጥም ሰው ሠልጥኖ የመጣበት መመሪያ ላይ 9 ተጽፎ ያገኛል፣ እሱኑ ይገለብጣል። እኛ አገር ግን የአደጋ ጊዜ ቁጥሮቻችን ራሳቸው በ9 ይጀምራሉ። ስለዚህ 9ኝን የውጭ መስመር መክፈቻ ማድረግ በቀጥታ ከአምቡላንሱና ከፖሊሱ ቁጥር ጋር ያጋጫል። እነሱም ቢሆኑ ልማዱ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቴክሳስ ውስጥ አንዲት እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ተገደለች። አብራት የነበረችው የዘጠኝ ዓመት ልጇ 911 ብላ አራት ጊዜ ደወለች። ከሆቴሉ ስልክ ለመደወል መጀመሪያ 9 መንካት ያስፈልግ ስለነበር አንዱም አልወጣም። የተማረችውን በትክክል ነበር ያደረገችው። የልጅቷ አያት በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመው በ2018 በእናትየዋ ስም የተጠራ የካሪ ሕግ የሚባል ሕግ ወጣ። ሕጉ ከየካቲት 2020 ወዲህ የሚሸጥና የሚገጠም የመሥሪያ ቤትና የሆቴል ስልክ ሁሉ ያለ ምንም መክፈቻ ቁጥር በቀጥታ 911 መደወል እንዲችል ያስገድዳል። እዚያ ሕግ ሆነ። እኛ ግን እነሱን ዋጋ ያስከፈላቸውን ልማድ በአዲስ ዕቃ ላይ እየጫንን ነው።

ደግሞ መክፈቻ ቁጥሩ አያስፈልገንም። ይህን ረጋ ብዬ ላብራራ፤ ምክንያቱም ብዙ የአይቲ ልጆች "9 ከሌለ ስርዓቱ የውስጡን ከውጩ እንዴት ይለያል?" ብለው ይከራከሩኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ የራሳችን ቁጥር ውስጥ አለ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የአገሪቱ የስልክ ቁጥር ሲቀየር ስድስት የነበረው ቁጥር ሰባት ሆነ፤ የኛ አካባቢ ኮድ ከ08 ወደ 058 ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ቁጥር ማለት በ0 የሚጀምር አሥር ቁጥር ነው። ባህር ዳርም ማርቆስም 058 ብሎ ሰባት ቁጥር፤ አዲስ አበባ 011 ብሎ ሰባት፤ ደሴ 033፤ ሞባይል ደግሞ 09 ወይም 07 ብሎ ስምንት። ሁሉም በ0 ይጀምራል። ከቢሮ ቢሮ የምንደዋወልበትን አጭሩን የውስጥ ቁጥራችንን በ0 እስካልጀመርን ድረስ ስርዓቱ ለመለየት ምንም አይቸግረውም። መጀመሪያ 0 ከተነካ ወደ ውጭ ነው። ከአደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ በቀር፣ ሦስት ቁጥር ሆኖ በሌላ ከጀመረ የውስጥ ነው። 9 የምትባል በረኛ ምን ትሠራለች?

እንግዲህ የውስጥ ቁጥር ሲሰጥ ጥንቃቄ አለው። እኔ የውስጥ ቁጥር በ8 እና በ9 እንዲጀምር አልፈቅድም። 907ና 991 በ9 ናቸው፤ ቴሌ ለድርጅቶችና ለነጻ አገልግሎት የሚሰጣቸው አጫጭር ቁጥሮች ብዙዎቹ በ8 ይጀምራሉ። አንድ ቦታ የሰው ኃይል ኃላፊው የውስጥ ቁጥር 907 ሆኖ አግኝቻለሁ! 900 ላይ ጀምረው በተራ ሲሰጡ ነው የደረሳቸው። ሰው አምቡላንስ ሲፈልግ የሰው ኃይል ቢሮ ይጮሃል፤ ማታ ደግሞ ማንም አያነሳም። እንግዳ መቀበያውንም 0 ማድረግ አይመከርም። 0 ሲነካ ስርዓቱ "እንግዳ መቀበያ ነው ወይስ አሥር ቁጥር እየመጣ ነው?" እያለ ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ሰው ደግሞ መስመሩ የሞተ መስሎት ይዘጋዋል። እንግዳ መቀበያውን 100 አድርጉት፤ ያርፋል። ሰፈር ውስጥ ሲደወል 058ን ትቶ ሰባቱን ብቻ የመደወል ልማድም አለ። ከቀድሞው ስልክ የቀረ ነው። የባህር ዳር ቁጥር 058ቱ ሲነሳ ብዙው በ22 ይጀምራል፤ የውስጥ ቁጥሩም በ2 ከጀመረ ስልኩ 220 ላይ ሲደርስ ይወዛገባል። ሁሌም አሥሩንም ደውሉ ነው የምለው። ሞባይል ላይ አሥር እየደወልን አይደል?

አሁን ወደ ደንቡ አጻጻፍ ልምጣ። ብዙዎቹ ስርዓቶች አስቴሪስክ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጀመረው ነው። መክፈል ስለማይጠይቅ ለኛ ዓይነቱ መሥሪያ ቤት ትልቅ በረከት ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላበት ስለሆነ አመሰግነዋለሁ። ላዩ ላይ ፍሪፒቢኤክስ የሚባል ድረ ገጽ መሳይ ማስተካከያ ይጫንበታል። እዚያ ውስጥ ወደ ውጭ የሚወጡ መንገዶች የሚጻፉበት ቦታ አለ። ለእያንዳንዱ መንገድ "እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ በዚህ መስመር አውጣው" ተብሎ ይጻፋል። በአጻጻፉ ኤክስ የምትባለዋ ፊደል ከ0 እስከ 9 ያለ ማንኛውንም አንድ ቁጥር ትወክላለች። ዜድ ከ1 እስከ 9፣ ኤን ደግሞ ከ2 እስከ 9። ነጥብ ደግሞ "ከዚህ በኋላ ምንም ይምጣ፣ አንድም ይሁን ሃያ" ማለት ናት።

ነጥቧን ፍሩ። አብዛኛው ጉድ የሚመጣው ከሷ ነው። ሰነፍ ገጣሚ 0 ብሎ ነጥብ ያደርግና ይሄዳል። ሁሉም ይሠራል፤ ሞባይል ይደወላል፣ አዲስ አበባ ይደወላል፣ ሥራ አስኪያጁ ይደሰታል፣ ክፍያው ይፈጸማል። ግን 0 እና ነጥብ ማለት 00ንም ይጨምራል። 00 የውጭ አገር መደወያ ነው። ስለዚህ ከጥበቃው ቤት ጀምሮ እስከ መጋዘኑ ድረስ ያለ ስልክ ሁሉ ወደ ዓለም ዙሪያ ተከፍቷል ማለት ነው። ያ ብቻ ቢሆን እኮ ቀላል ነበር። ስርዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝና የአንዱ የውስጥ ቁጥር የይለፍ ቃል ቀላል ሲሆን (የውስጥ ቁጥሩ 201፣ የይለፍ ቃሉም 201 ሆኖ ስንት ቦታ አይቻለሁ) ሌቦች ከውጭ ሆነው ይገቡና ሌሊት ሌሊት ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች ያስደውላሉ። ገንዘቡ ከፊሉ ተመልሶ ለነሱ ነው የሚገባው። በዓለም ዙሪያ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ቅዳሜና እሑድን፣ የበዓል ሰሞንን ይመርጣሉ፤ ቢሮ ውስጥ ሰው የለማ። ሰኞ የሚገባው ሠራተኛ ምንም አያውቅም፤ በወሩ መጨረሻ ቢል ሲመጣ ነው የሚጮኸው።

እኔ ነጥብን ትቼ ቁጥሩን ቆጥሬ እጽፋለሁ። 09 ብዬ ስምንት ኤክስ። 07 ብዬ ስምንት ኤክስ። ለመደበኛ ስልክ 0 ብዬ፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 5 ያለውን በቅንፍ፣ ከዚያ ስምንት ኤክስ። የአገራችን የአካባቢ ኮዶች ከ011 ጀምሮ እስከ 058 ድረስ ስለሆኑ በዚች አንድ መስመር ሁሉም ይገባሉ። 00 ለብቻው መንገድ ይሠራለታል፤ ያውም የሚስጥር ቁጥር ይደረግበታል፤ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይሰጣል። የመንገዶቹ ቅደም ተከተልም አለ፤ ፍሪፒቢኤክስ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው፣ መጀመሪያ የገጠመለትን ይዞ ይወጣል። አንዱ ቤት 00ን በሚስጥር ቁጥር ቆልፈው "እኛ ተጠንቅቀናል" ይላሉ፤ 0 እና ነጥብ ያለው መንገድ ግን ከሱ በላይ ተቀምጧል። መቆለፊያው ያለበት በር ላይ ማንም አይደርስም፤ ሁሉም ከላይኛው በር ይወጣል። ድሮ የቢሮ ስልክ መዘውር ላይ ትንሽዬ ቁልፍ ይንጠለጠል ነበር፤ ያንን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያ ቁልፍ ቢያንስ በዓይን ይታይ ነበር።

ስለ 07 ደግሞ ልብ በሉልኝ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ሞባይል ማለት 09 ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የተገጠሙ ስርዓቶች ደንባቸው 09 ብቻ ይላል። ማንም ተመልሶ አልነካውም። ብቸና አካባቢ አንድ ቢሮ ሄጄ "በ07 የሚጀምር ቁጥር ከቢሮ ስልክ አይሠራም፣ ኔትወርኩ ከኛ ጋር አይገናኝም" ተባልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሉ ኖረዋል! ገበሬው መጥቶ የልጁን ቁጥር ይሰጣል፤ 07 ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ሊጠሩት ይሞክራሉ፤ አይወጣም። ሰውዬው ከገጠር በእግሩ መጥቶ ሲጠይቅ "ደውለንልህ ነበር፣ ስልክህ አይሠራም" ይሉታል። አንዷ ጸሐፊ በራሷ ሞባይል፣ በራሷ ካርድ ስትደውልላቸው ከርማለች። እታለምዬ! ያስተካከልኩት ደንቡ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ በመጨመር ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የአንድ መስመር ጉድለት ስንት ሰው እንዳመላለሰ ሳስብ ግን መንገዱን ሁሉ ሲከነክነኝ ነው የተመለስኩት።

ሌላው በ251 የሚጀምረው ቁጥር ነው። ሰው ከሞባይሉ ላይ ቁጥር ገልብጦ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በመደመር ምልክት 251 ብሎ ነው የሚመጣው። በቢሮ ስልክ 00251 ብለው ሲደውሉ ስርዓቱ የውጭ አገር ጥሪ ነው ብሎ ይከለክላል፤ ወይም የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ጎረቤት ያለ ሰው ጋ ለመደወል የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፍሪፒቢኤክስ ላይ ግን ከፊት ያለውን መቁረጥና በምትኩ ሌላ መጨመር ይቻላል፤ 00251ን ወይም 251ን ቆርጠህ 0 ጨምር፣ ከዚያ ዘጠኝ ኤክስ። አለቀ። ይህን ከ00ው መንገድ በላይ ማስቀመጥ ነው።

የስልኩ ዕቃ ራሱም የራሱ ደንብ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ቁጥሩ አለቀ ወይስ ይቀጥላል የሚለውን የሚወስነው ራሱ ውስጥ ባለ ደንብ ነው። እዚያ ካልተጻፈለት ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይልካል። ሰዎች "ስልኩ ቀርፋፋ ነው" የሚሉት ይህን ነው። ቁጥሩን ጨርሳችሁ መሰላሏን ብትነኩ አብዛኛው ስልክ ሳይጠብቅ ይልከዋል። 907ና 991 ግን፣ 9 መንካት ፈጽሞ ከቀረ በኋላ፣ ስልኩም ውስጥ ቢጻፉ ጥሩ ነው (ካልቀረ 9 ብሎ 07 የሚደውል ሰው አምቡላንስ ጋ ይደርሳል)፤ ሦስተኛዋ ቁጥር ስትነካ ወዲያው ይሂዱ።

አደራ፣ የአደጋ ጊዜ መንገዱን አንድ መስመር ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ሁላችንም አሳልፈናል። ጥሪያቸው ሁሉ በኢንተርኔት በኩል ብቻ እንዲወጣ የተደረጉ ቤቶች ያኔ ከውጭ ጋር ተቆራረጡ፤ አሮጌውን የመዳብ መስመር በጌትዌይ (የድሮውን መስመር ከአዲሱ ስርዓት ጋር በሚያገናኘው ዕቃ) ያስገቡት ግን ይደውሉ ነበር። ፍሪፒቢኤክስ ለአንድ መንገድ ሁለትና ሦስት መስመር በተራ ይቀበላል፤ የመጀመሪያው እንቢ ካለ ሁለተኛውን ይሞክራል። ያንን አሮጌ መስመር "አያስፈልግም" ብላችሁ አታስነሱት። ሰርቨሩን፣ ስዊቹንና ጌትዌዩን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚይዝ ባትሪ) ላይ ማድረግም ግድ ነው፤ መብራታችንን እናውቀዋለን።

ለአይቲ ወንድሞችና እህቶቼ አንድ ነገር ልበል። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር 9ኝን ገልብጬ ገጥሜያለሁ፤ ከጥር በኋላ ወደነዚያ ቤቶች ሁሉ ሄጄ አስተካክያለሁ። አንዳንዱ ቤት ግን ልግባ ስል የስርዓቱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ገጣሚው ይዞት ሄዷል፤ ስልኩን አያነሳም። በራሳቸው ብር የገዙት ስልክ ነው፤ ደንቡን ግን ማየት አይችሉም። ለዚህ ነው ለኃላፊዎች የምለው ያለኝ፦ ጨረታ ስታወጡ የስልኩን ብዛትና ዋስትናውን ብቻ አትጻፉ። ርክክቡ ላይ ገጣሚው አጠገባችሁ ቆሞ ከአንድ ተራ ስልክ 907 ይደውል፤ 991 ይደውል፤ ሙከራ መሆኑን ለሚያነሱት ሰዎች ይንገራቸውና ይዝጋ። በ09፣ በ07፣ በ058፣ በ011 ይደውል። 00 ሲደውል ደግሞ መከልከሉን ተመልከቱ። የይለፍ ቃሉና የደንቡ ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ፣ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ ነው መፈረም።

9ኝን ማንሳት ከለመዱ ሠራተኞች ጋር ያጣላል የሚል ስጋት አለ። እውነት ነው፤ ሰው ለዓመታት የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ለሁለትና ሦስት ወር ሁለቱንም እፈቅዳለሁ። 9 ብሎ ከዚያ በ0 የሚጀምር አሥር ቁጥር የደወለም ይውጣለት፤ 9ኝን ስርዓቱ ይቁረጥለት። ያለ 9 የደወለም ይውጣለት። 907ና 991 ግን ከሁሉም በላይ፣ እንዳሉ፣ ምንም ሳይቆረጥባቸው ይቀመጣሉ። 99 ብሎ የጀመረውም 9907 ካለ አምቡላንስ ጋ ይድረስ፤ የተደናገጠ ሰው በየትኛውም መንገድ ቢመጣ በሩ ይከፈትለት። ሰው ቀስ በቀስ ራሱ 9ኝን ይተዋታል፤ አንድ ቁጥር የሚቀንስለትን ማን ይጠላል።

ጋሼ ካደሩበት ቤት ስልኩን ያስተካከልኩ ዕለት መጀመሪያ የሞከሩት እሳቸው ናቸው። ኃላፊው "አንተ ሞክረው" ሲለኝ "አይደለም፣ ጋሼ ይሞክሩት" አልኩ። ቁጥሯን በአንድ ጣታቸው ረጋ ብለው ነኳት። ስልኩ ጠራ። ማዶ ሰው አነሳ። ጋሼ "ይቅርታ ልጄ፣ ለሙከራ ነው፤ ደህና ዋሉ" ብለው ዘጉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ክቡር አዘጋጅ፤ የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ይህ ደብዳቤ ቢረዝምባችሁ የፈለጋችሁትን ቁረጡ። ግን ከጋዜጣው አንድ ጥግ ላይ 907 አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ ብላችሁ በትልልቅ ቁጥር አትሙልን፤ ከሥሩም "ከቢሮ ስልክዎ ያለ 9 መውጣቱን ዛሬ ይሞክሩ" በሉበት። እኔ በምዞርበት ሁሉ ቆርጬ ስልኮቹ አጠገብ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ